ተራ

የካቲት 2014 ዓ.ም. ነበር፤ ቀኑም ዓርብ። ከፊልቱ ወደ ነጌሌ ቦረና የተሳፈርንበት አይሱዙ ራዲያተሩ ከማለዳ ጀምሮ ሲያፈስ ስለ ነበር በየግማሽ ሰዓቱ እየቆምን ከየጄሪካናችን ውሃ ስንጨምርለት አረፈድን። መጀመሪያ የረዳቱ ውሃ አለቀ፤ ቀጥሎ የነጋዴዎቹ፤ በመጨረሻ የእኔ ሁለት ሊትር ሃይላንድ። መኪናው የሁላችንንም ውሃ ጠጥቶ ሲጨርስ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ግሎ ቀጥ አለ። ሾፌሩ አንድ አላፊ ሞተር ብስክሌት አስቁሞ ከኋላ ተፈናጠጠና ዕቃ ፍለጋ ወደ ነጌሌ ሄደ። ኔትወርክ የለም። እኛ እዚያው ቀረን።

በአቅራቢያችን ሦስት ግራሮች ነበሩ። ማንም ሳያዘን ለሦስት ተከፈልን፤ ሶማሌዎቹ እናቶች ከነልጆቻቸው በአንደኛው ሥር፣ ቦረናዎቹ በሁለተኛው፣ እኔና ሁለት የደጋ ነጋዴዎች በሦስተኛው። ሦስት ዛፍ፣ ሦስት አገር። ይሁን እንጂ ድርቁ ሁለቱን ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፏቸው አጽማቸው ነበር የቀረው። ጥላ የሚባል ነገር ያለው በሶማሌዎቹ ግራር ሥር ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ኩራታችን በፀሐይ ቀለጠና አንድ በአንድ፣ ጉሮሯችንን እየጠረግን፣ ወደዚያው ተጠጋን።

ከሴቶቹ አንዷ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ ሁለት ቢጫ ጄሪካኖች ይዛለች። ነጌሌ ገበያ ወስዳ የምትሸጠው የግመል ወተት ነው። ልጆቹ ማልቀስ ሲጀምሩ አንዱን ከፈተችና መለኪያ ጣሳዋን ሞልታ በየተራ አጠጣቻቸው። ከዚያ ነጭ ሻሽ ለጠመጠሙ አንድ የቦረና ሽማግሌ ዘረጋችላቸው። እኚህ ሰው ጠዋት ግመሎች መንገድ ዘግተው ባቆሙን ጊዜ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግረው ጓደኞቻቸውን አስቀው ነበር። ያን ጊዜ ሴትየዋ ፊቷን አዙራለች፤ ቋንቋውን ከእኔ አብልጣ ትሰማለች። አሁን ሽማግሌው ጣሳውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጥቂት ተመለከቱት፣ በራሳቸው ፈገግ አሉ፣ ጠጡት።

ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ። ግመል በእናቴ ቤት ስሙ እንኳ በማዕድ ላይ አይነሣም። ወተቱን መቅመስ ሃይማኖት መለወጥ የሚመስለን ሰዎች ነን። በዚያ ላይ ዓርብ ነው፤ የላምም ቢሆን ወተት የማይቀመስበት ቀን። ጣሳው ፊቴ ላይ እንደ ቆመ ከክብሬ ጋር የማልፍበት ጨዋ ቃል ስፈልግ ሴትየዋ በአማርኛ፣ ያለ ልመናም ያለ ቁጣም፣ «ያዝ እንጂ ወንድሜ፤ ተራህ ነው፤ ከኋላህ ሰው አለ» አለችኝ።

ጠጣሁ። ጭስ ጭስ ይላል፤ ዕቃው የታጠነ ነው። ከሥሩ ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ጣሳውን መልሼ ሰጠሁና ዞር ስል እውነትም ከኋላዬ ሰው ነበር።

*

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች «ተራ» የምትባል ቃል ከአእምሮዬ አልወጣችም። በአማርኛችን ተራ ወረፋ ነው፤ የወፍጮ ቤት ተራ፣ የታክሲ ተራ፣ የዕቁብ ተራ። ደግሞም ማዕረግ የሌለው ማለት ነው፤ ተራ ሰው፣ ተራ ወታደር። ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ቃል ያሳደረው ምን እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ይንገሩን፤ እኔ ግን ከዚያ ግራር ሥር ሆኜ ዝምድናቸው ታየኝ። ሰልፍ ውስጥ የሚገባ ሰው ማዕረጉን ውጪ ትቶ ነው የሚገባው። ባለተራ ለመሆን አስቀድሞ ተራ መሆን ያስፈልጋል።

ማዕበል በአንድ ዳርቻ ስለ ጣላቸው ባዕዳን የሚነገሩ ታሪኮች ብዙዎች ናቸው። ከሁሉ የታወቀው ዳንኤል ዲፎ እ.ኤ.አ. በ1719 ያሳተመው ሮቢንሰን ክሩሶ ነው። ክሩሶ በደሴቱ ላይ አንድ ሰው ከሞት ያድንና ስሙን ሳይጠይቅ፣ በተገናኙበት ቀን «ዓርብ» ብሎ ይሰይመዋል። ከዚያ መጀመሪያ ከሚያስተምረው ቃል አንዱ እሱን «ጌታዬ» ብሎ መጥራትን ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ባሉበት ደሴት እንኳ ተራ የለም፤ አንዱ ሁልጊዜ ፊተኛ ነው። ወዳጅነታቸውን ዓለም ሦስት መቶ ዓመት ሲያደንቀው ኖረ። እኔም በዓርቤ ቀን ጣሳውን አልፌው ቢሆን ኖሮ በዚያች ጥላ ሥር ትንሽ ክሩሶ መሆኔ ነበር።

በባዕድ ዳርቻ የቀሩ ሰዎች ታሪክ በእኛም አገር አለ፤ ከዲፎ መጽሐፍም በአሥራ አራት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። በአራተኛው መቶ ዘመን ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ሰው ሁለት ብላቴኖችን ይዞ በቀይ ባሕር ሲጓዝ መርከቡ ስንቅና ውሃ ለመቅዳት ከአንድ ወደብ ቆመች። የአገሬው ሰዎች በዚያን ጊዜ ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቧ ያሉትን ሁሉ ፈጁ። ሰዎቹ የሞቱት ስላደረጉት ነገር አልነበረም፤ ሮማዊ ስለ ተባሉ ነው። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ሲያጠኑ ተገኙና ተረፉ። ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ፤ ታላቁ ፍሬምናጦስ የንጉሡ ጸሐፊና መዝገብ ያዥ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ መጠጥ አሳላፊ ሆኑ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲያግዟት ለመነቻቸው። ኤዴስዮስ ኋላ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ታሪኩን ለታሪክ ጸሐፊው ለሩፊኖስ ነገረው፤ ፍሬምናጦስን ግን አባ ሰላማ ብለን እስከ ዛሬ እንጠራዋለን።

ይህን ታሪክ በልጅነቴ ስሰማው ልቤን የወሰደው ኋላ ጳጳስ የሆነው ፍሬምናጦስ ነበር። አሁን የሚያስደንቀኝ መጠጥ አሳላፊው ነው። ወገኖቹ ውሃ ሊቀዱ ቆመው ተገደሉ፤ እሱ በዚያው አገር ንጉሥ ጽዋውን ከእጁ ተቀብሎ እስኪጠጣ ድረስ ታመነ። መጠጥ አሳላፊ መርዝ ሊጨምር የሚችል ሰው ነውና በየዕለቱ ከእጁ መጠጣት በየዕለቱ እሱን ማመን ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለፈውን ደም ያጠበ ንግግር ተደርጎ እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም። የተጻፈው ጽዋው መዞሩ ነው።

*

በቦረና ምድር የዚህ የመቀባበል ጥበብ ትልቁ ትምህርት ቤት ከመሬት በታች ነው። «ቱላ ሰገላን» ይሏቸዋል፤ ዘጠኙ ቱላዎች። በእጅ የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። በበጋ ወራት ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በእንጨት መሰላል ላይ እርከን እርከን ቆመው በዜማ እየተቀባበሉ ውሃውን ያወጡታል። ባልዲው ከታች ሞልቶ ይመጣል፣ ባዶው ከላይ ይወርዳል። ሙሉውን ተቀብለህ ባዶውን ልትለቅ ያለህ ጊዜ ዜማው አንድ ጊዜ እስኪመለስ ድረስ ነው። ዜማው የጠፋበት ሰው ባልዲውን በታችኛው ራስ ላይ ይጥላል።

ከዚህ ሰንሰለት አጠገብ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በመሰላሉ ላይ ያለ ሰው ከበላዩ ካለው ጋር ሊጣላ ይችላል፤ ትናንት ስለ ግጦሽ ተሰዳድበው ይሆናል። ዛሬ ግን እጁ የዚያን ሰው እጅ ካላገኘ ለሁለቱም ከብት ውሃ አይወጣም። ልቡ እንዳቄመ እጁ ይቀባበላል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ልብ ይታረቃል፣ እጅ ኋላ ይከተላል ብለን ነው የምናስበው። ቱላ ሥር የሚሆነው በተገላቢጦሽ ነው፤ እጅ ቀድሞ ይታረቅና ልብን ከኋላ ይጎትታል።

ይህን የሚያስተዳድረው ሕግ ደግሞ ስሜት የማይበግረው ነው። ጉድጓዱ «አባ ኮንፊ» የሚባል ባለቤት አለው፤ የመጠጫውን ቀንና ቅደም ተከተል የሚቆጥረው ግን «አባ ሄሬጋ» ነው። ሄሬጋ ሒሳብ፣ ቆጠራ ማለት ነው። የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ እሱ ያውቃል። ቀኑን የሳተ ከሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል። የራሱ ጉድጓድ የሌለው እንግዳም ከጎሳው ጋር ተዛምዶ፣ ሥራውን አብሮ ሠርቶ፣ በቆጠራው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማንም ወደደው ጠላው ቁጥሩ ይደርሳል።

እኛም ደጋ ላይ ይህን ጥበብ እናውቀዋለን፤ ስሙን ብቻ ለይተን አስቀመጥነው። በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ለሌሎቹ መክፈሉን አያቋርጥም። በጽዋ ማኅበር ጽዋው ከቤት ቤት በተራ ይዞራል፤ ዘንድሮ ደግሶ ያበላ ለከርሞ እንግዳ ነው። ወንፈልም እንዲሁ። ልዩነቱ እኛ ተራውን ያበጀነው በአብዛኛው ከመሰሎቻችን ጋር መሆኑ ነው። የቆላው ፈተና ከማይመስል ጋር ተራ መግባት ነው።

*

አላሳምረውም። በዚህ ምድር በጉድጓድና በግጦሽ ሰበብ ብዙ ደም ፈሷል። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ነጌሌ ራሷ በ2015 ዓ.ም. የአዲሱ የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ ስትደረግ ከጉጂ በኩል ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ተራ ከሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው።

ተራ የጎደለባት ዕለት ምን እንደምትመስል ደግሞ ከነጌሌ የተሻለ ምስክር የለም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በከተማዋ የሰፈረው የአራተኛ ብርጌድ ተራ ወታደሮች አመፁ። ምግባቸው የማይበላ ነበር፤ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ሳለም መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ሁለት ጉድጓድ፣ ሁለት ማዕረግ። ወታደሮቹ አዛዦቻቸውን አሠሩና ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው ያንኑ ምግባቸውን አበሏቸው፣ ያንኑ ውሃቸውን አጠጧቸው። ጄኔራሉ በተራቸው ጠጡ።

አመፁ ከነጌሌ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ ከስምንት ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዘውዱ ወረደ። የታሪክ ሰዎች ለአብዮቱ ብዙ ምክንያት ይዘረዝራሉ፤ ልክም ናቸው። እኔ ግን ከዚያ ሰንሰለት የመጀመሪያዋን ባልዲ አልረሳትም። አንድ ጉድጓድ ለሁሉ በተራ ቢከፈት ኖሮ በዚያች ቀን መኮንንና ወታደር የአንድ በረሃ ምርኮኞች፣ ምናልባትም ባልንጀሮች ይሆኑ ነበር። ሲከለከል ግን ተራው በጉልበት መጣ። በጉልበት የመጣ ተራ ደግሞ ተራ ሆኖ አይቆይም፤ ከኋላ የነበረው ፊት ይሆንና ሰልፉ ያው ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ይህንን አሳምሮ አስተምሮናል።

*

ወደ ግመሉ ልመለስ። ቦረና የከብት ሕዝብ ነው። ሥርዓቱም ምርቃቱም ከላም ጋር የተያያዘ ነው፤ ግመል ከረጅም ዘመን ጀምሮ የጎረቤቶቹ፣ የገብራ፣ የገሪ፣ የሶማሌ ሀብት ነበር። ሰው ጎረቤቱን ከመናቁ በፊት የጎረቤቱን እንስሳ ይንቃል፤ ሽማግሌው ጠዋት ያስነሡት ሳቅ ሥሩ ከዚያ ነው። የእኔም መጸየፍ የሌላ ቅርንጫፍ ቅጠል ሆኖ ያው ግንድ አለው።

ድርቁ ይህን ንቀት ፈተነው። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች፣ ገና የሚባለው የበልጉም ሀገያ የሚባለው የመጸውም፣ ተከታትለው ሳይዘንቡ አለፉ። በቦረና ዞን ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ማለቃቸውን የዞኑ ባለሥልጣናት ተናግረዋል። በዚያው ዞን፣ ዱብሉቅ ላይ፣ ከብቱ ያለቀበት ሕዝብ በላስቲክ ጎጆ ሰፈረ። ላም ቀድማ ወደቀች፤ ግመል ግን ከዛፍ ጫፍ እየቀነጠበ ቆየ። ቀደም ካሉ ድርቆች ወዲህ ግመል መግዛት የጀመረው የቦረና ሰው በዚህ ጊዜ በዛ። ግመል የገዛ ሰው ደግሞ እንስሳውን ብቻ ገዝቶ አይመለስም። በሽታውን፣ ጠባዩን፣ አስተላለቡን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነውና ሄዶ መጠየቅ አለበት። ለዘመናት የሳቁበትን ዕውቀት በሽምግልና መማር እንዴት ያለ ትሕትና እንደሚጠይቅ የጣሳው ወተት ለእኔም ነግሮኛል።

ይህን ሁሉ የሚሰማ አስተዋይ ሰው «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። አርስቶትልም በጥቅም ላይ የተመሠረተ ወዳጅነት ጥቅሙ ሲቀር ይቀራል ይላል። ከእሱ ወደዚህ፣ በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን፣ ኢብን ኻልዱን የበረሃ ሰዎችን የሚያስተሳስረው ኅብረት ከችግር እንደሚወለድና ድሎት ሲመጣ እንደሚላላ ጽፏል። እንግዲህ ጥያቄው ዝናብ የጣለ ዕለት ነው። ጥላው በዛ፣ ዛፉ ሁሉ ለመለመ፤ ሦስቱ አገሮች ወደ ሦስቱ ግራሮቻቸው ለምን አይመለሱም?

ይመለሳሉ። እኛም ተመልሰናል። ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጣው ሌላ መኪና አሳፍሮን ነጌሌ መናኸሪያ ሲያወርደን እያንዳንዱ ሰው ወደ ወገኑ ሄደ። የሴትየዋን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። ክሩሶን ለመውቀስ አፍ የለኝም። ለወተቱ ገንዘብ ላወጣ ስል ሽማግሌው እጄን ያዝ አድርገው ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሉኝ። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው፤ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዕዳ ያለበት ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ቦረናዎች ይህን ያውቁበታል። «ቡሳ ጎኖፋ» በሚሉት ሥርዓታቸው ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። የዛሬው ተረጂ የነገ ረጂ ነው፤ ውለታው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሳይሆን በቆጠራው ውስጥ ይኖራል። ሥርዓቱ የጎሳ አጥር አለው፤ ድርቁ ግን አጥር አልነበረውም። በ2015 ዓ.ም. ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ለቦረና የተዋጣው እህልና ገንዘብ ለእኔ የዚህን አጥር መስፋት ይመስላል። ያን ጊዜ የሰጠን ሁላችን አንድ ቀን ተራችን ሲደርስ መቀበልን የምንችል ከሆነ ነው ሥርዓት የሚሆነው። መስጠት ብቻ የሚያውቅ እጅ ፊተኛ ሆኖ መቅረት የሚወድ እጅ ነው።

*

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ዝናቡ መጣ፤ በ2016 ኅዳር ደግሞ ገናሌና ዳዋ ሞልተው ጎርፍ ሆኑ። በዚያው ዓመት ጥር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ነጌሌ ገበያ ወተት ሻጮች ከተደረደሩበት ጥግ ስደርስ ቢጫ ጄሪካኖቿንና ጣሳዋን አየሁ። ፊቷን ቀጥዬ አወቅሁት። ደስ አለኝ፤ ባለዕዳዋ ነኝና፣ የዚያ ቀን ሰው ነኝና፣ በሰዉ መካከል ሾልኬ ፊቷ ቆምሁ።

አየችኝ፤ አወቀችኝም። ለአጠገቧ ሴቶች በሶማልኛ አንድ ነገር ነገረቻቸውና ሁሉም ሳቁ። ያን ዕለት ሽማግሌው ያስነሡትን ሳቅ አስታወሰኝ፤ የተሳቀበት ሰው ግን አሁን እኔ ነበርሁ፤ አልከፋኝም። ከዚያ በጣሳው አንዲት ማሰሮ የያዘች የቦረና ልጅን እያመለከተች «ወንድሜ፣ ተራህን ጠብቅ፤ ከፊትህ ሰው አለ» አለችኝ።

ወደ ኋላ ተመለስሁ። ልጅቱ ቀዳች፤ ሁለት ሌሎች ቀዱ። ተራዬ ሲደርስ አንድ ሊትር ለካችልኝ፤ ከፈልሁ። ዕቃዬን ልከድን ስል እጄን አቆመችና ግማሽ ጣሳ ምራቂ ጨመረችልኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ዛሬስ ዓርብ አይደለም አይደል?» አለችኝ።

ወተት የሚሸጥ ሰው የጾም ቀን ከቄስ እኩል ያውቃል፤ ረቡዕና ዓርብ ገበያው ይቀዘቅዛል። ያን ዕለት ከግራሩ ሥር ጣሳውን ስትዘረጋልኝ ምን እንደያዘኝ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።

«ቅዳሜ ነው» አልኋት። ከኋላዬ ሰው ስለ ነበር ቦታውን ለቀቅሁ።